ጭቃና ጅረት የበዛበትን የተራራ መንገድ በእግር መጓዝ፦ ዝርዝር መመሪያ

በዝናብ ወቅት ተራራ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ጫማው እንዳይረጥብ ሲል ነው። ጭቃውን ሸሽቶ የመንገዱን ጠርዝ ይረግጣል፤ ጠርዙ ይናድበታል። ጅረት ሲያገኝ ውሃውን ላለመንካት ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል፤ አንዱ ላይ ያዳልጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚረጥበው ጫማው ብቻ አይደለም፤ ከነልብሱ ከነሻንጣው ነው። ስለዚህ ገና ሳትነሱ አንድ ነገር ወስኑ፦ እግራችሁ ይርጠብ። ደረቅ ሆነው መቆየት ያለባቸው ቅያሪ ልብሳችሁ፣ ስልካችሁና መድኃኒታችሁ ናቸው። የቀረው መመሪያ ሁሉ ከዚህ ውሳኔ የሚቀጥል ነው።

1. ከቤት ሳትወጡ

የትናንቱንም ዝናብ እዩ

ብዙ ሰው የዛሬን ትንበያ ብቻ አይቶ ይነሳል። አይበቃም። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ምን ያህል እንደዘነበም አጣሩ። መሬቱ ውሃ ከጠገበ ዛሬ የሚጥለው ትንሽ ዝናብ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ በቀጥታ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ትንበያውንም ለተራራው አናት እንጂ ለግርጌው አትፈልጉ። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ግርጌው ላይ 15 ዲግሪ ከነበረ፣ 1,500 ሜትር ሽቅብ ስትወጡ ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። በረጠበ ልብስ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ይህ ቀላል ብርድ አይደለም።

ከባድ ዝናብ ወይም ነጎድጓድ ከተተነበየ ቀን ቀይሩ።

ሰዓቱን አስሉ

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት እስከዛሬ ይሠራል። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ያዙ። 600 ሜትር አቀበት ያለው የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ 3 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ግን በደረቅ መንገድ፣ ያለ እረፍት ነው። ጭቃ ከሆነ እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ፤ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ጅረት 20 ደቂቃ ጨምሩ። ብዙ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን ሰው ውሃ ውስጥ የሚሳሳተው ሲቸኩል ነው፤ የሚቸኩለው ደግሞ ሊመሽበት ሲል ነው።

የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ

«ስምንት ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንመለሳለን» ብላችሁ ተስማሙ። ይህን የምትስማሙት ቤት ውስጥ፣ ጭንቅላታችሁ ሳይደክም ነው። ጫፉ እየታያችሁ ሰዓቱ ሲደርስ መመለስ ከባድ ስለሆነ ሐሳቡ አስቀድሞ ያለቀ ይሁን።

አብሯችሁ ለማይሄድ ሰው የምትሄዱበትን መንገድ፣ የምትመለሱበትን ሰዓትና «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልን እርዳታ ጥራ» የምትሉትን ሰዓት ንገሩ። ጅረት ያለበትን መንገድ ለብቻችሁ አትሂዱ።

2. ልብስና ዕቃ

ጥጥ አትልበሱ

ጂንስም፣ የጥጥ ቲሸርትም፣ የጥጥ ካልሲም ቤት ይቆዩ። ጥጥ ውሃ ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ የሰውነትን ሙቀትም ይወስዳል። ከሥር ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ልብስ፣ ከላዩ ሙቀት የሚይዝ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውሃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ጃኬት ልበሱ። አቀበት ስትጀምሩ ሹራቡን አውልቁ። በላብ የራሰ ልብስና በዝናብ የራሰ ልብስ ስትቆሙ እኩል ያበርዳሉ።

አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ ከነካልሲው ለብቻው ታሽጎ ይያዝ። መንገድ ላይ «ትንሽ ልቀይር» ብላችሁ እንዳትፈቱት። እሱ የሚለበሰው ከዝናብ መጠለያ ስትደርሱ ወይም አንድ ሰው በብርድ ሲጎዳ ብቻ ነው።

ጫማ

የምትፈልጉት የሶሉ ጥርስ ጥልቅ የሆነና በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው ጫማ ነው። ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ጥሩ ነው። ጥርሱ ከተቀራረበ ጭቃው መሐሉ ይጠቀጠቅና ሶሉ ለስላሳ ይሆናል።

ውሃ የማያስገባ ጫማ ላይ ብዙ ተስፋ አትጣሉ። ጅረቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሆነ ውሃው በአፉ ይገባል። ከገባ ደግሞ አይወጣም። ብዙ ጅረት ባለበት መንገድ ውሃውን ቶሎ የሚያፈስ ወንፊት ጨርቅ ያለው ጫማ ከወፍራም የሱፍ ካልሲ ጋር ይሻላል። በጣም ብርድ ባለበት ከፍታ ላይ ግን ወፍራሙን ቡት ምረጡ። እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቡት ለእርሻ ሥራ እንጂ ለተራራ ጅረት አይሆንም፤ ውሃ ሲሞላው እግር ማንሳት ያቅታል። አዲስ ጫማም ለዚህ ቀን አታስመርቁ።

ምርኩዝ

በዚህ መንገድ ላይ ከጫማ ቀጥሎ የሚያስፈልጋችሁ ምርኩዝ ነው። ሁለት ቢሆን ጥሩ፤ አንድ ጠንካራ የእንጨት ዱላም ይበቃል። ርዝመቱ ክንዳችሁ ክርናችሁ ላይ በ90 ዲግሪ እንዲታጠፍ የሚያደርግ ይሁን። ከእንጨት ከሆነ ግን እስከ ደረት ቢደርስ ለውሃ ይመቻል።

ሻንጣ

ከላይ የሚሸፈን የዝናብ ልባስ አይበቃም። ውሃው በጀርባችሁ በኩል ይገባል፤ ጅረት ውስጥ ብትወድቁ ደግሞ ልባሱ ውሃ ይይዝና ይጎትታችኋል። ሻንጣው ውስጥ ትልቅ ወፍራም ፌስታል አስገቡ፤ ዕቃችሁን ሁሉ እሱ ውስጥ ክተቱ፤ አፉን ጠምዝዛችሁ አጥፉና እሰሩት። ስልክ በሁለት ፌስታል ይታሸግ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱ፤ ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ቫዝሊን፣ አንሶላ የሚያክል ወፍራም ላስቲክና ሳይበስል የሚበላ ምግብ ያዙ።

3. ጭቃ ላይ አረማመድ

መሐል መሐሉን ሂዱ

ጠርዙ ላይ ያለው ሣር ደረቅ ይመስላል። ከሥሩ ግን ውሃ የበላው አፈር ነው፤ ቁልቁለት በኩል ከሆነ አብሯችሁ ይወርዳል። ጭቃውን ለመዞር ጫካ ገብቶ ጥልቅ ረግረግ ውስጥ መግባትም የተለመደ ነው፤ ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው በትክክል ይኸው ነው። ሁሉም ሰው ጠርዙን ሲረግጥ ደግሞ መንገዱ እየሰፋ፣ ጭቃውም እየባሰ ይሄዳል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

ሀ. ምርኩዙን ከፊት ትከሉ። ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሰመጠ ሌላ ቦታ ሞክሩ።
ለ. አጭር እርምጃ ውሰዱ። እርምጃ በረዘመ ቁጥር ክብደታችሁ ከእግራችሁ ይርቃል።
ሐ. ተረከዝ ብቻ ወይም ጣት ብቻ አትርገጡ፤ ሙሉ ጫማችሁን አሳርፉ።
መ. ክብደታችሁን ቀስ ብላችሁ አዛውሩ። እግሩ ሲረጋ ብቻ ሌላውን አንሱ።

የሚያዳልጠውን በዓይን ለዩ

ከጭቃው የሚብሰው የረጠበ የዛፍ ሥር ነው። ቅርፊቱ የተላጠና በብዙ ጫማ የተወለወለ ሥር መንገዱን አግድም ሲያቋርጥ ታያላችሁ። እግር ሲያርፍበት ወደ ቁልቁለቱ ይወረወራል። አትርገጡት፤ ተሻገሩት። ድንጋይ ላይ ደግሞ ቀለሙን እዩ። ግራጫና ሻካራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይይዛል። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ወይም አረንጓዴ ዝልግልግ ያለበት ከሆነ አይይዝም። የረጠበ ቅጠል ከሥሩ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ በምርኩዝ ገለጥ አድርጉት።

ቁልቁለት

ቁልቁለት ላይ ሰው ሲፈራ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ያኔ ክብደቱ ተረከዙ ላይ ይቀርና እግሩ ከሥሩ ይሸሻል። ጉልበታችሁን አጠፍ፣ ደረታችሁን ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል አድርጉ። ምርኩዛችሁ የሚረዝም ዓይነት ከሆነ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩበት። በጣም ከቆመ ቦታ ጎናችሁን ሰጥታችሁ በአንድ በኩል ውረዱ። ከፊታችሁ ካለው ሰው ጥቂት ሜትሮች ራቁ፤ ስትወድቁ እሱን ይዛችሁ እንዳትወርዱ። ቁጥቋጦ ለመያዝ ከፈለጋችሁ ክብደታችሁን ሳትጥሉበት አስቀድማችሁ ሳቡት። ብዙዎቹ ከነሥራቸው ይነቀላሉ።

መውደቅ አይቀሬ ከሆነ ተቀመጡ። በተዘረጋ እጅ መሬትን መመከት አንጓ ይሰብራል። መቀመጫችሁ ቢጨቀይ ይታጠባል።

ጫማችሁ ጭቃ ውስጥ ከተያዘ

ወደ ላይ አትምዘዙት። ስትመዝዙት እግራችሁ ይወጣል፣ ጫማው ይቀራል። ሌላው እግራችሁም በዚያው ይሰምጣል። ቁሙ። ጣቶቻችሁን ጫማው ውስጥ ወደ ላይ ቀስሩ፤ ተረከዛችሁን ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ጭቃው ዙሪያውን ሲለቅ ጎኑ ላይ ትንሽ ክፍተት ይፈጠራል፣ አየርም ሲገባ ድምፅ ትሰማላችሁ። ያኔ ተረከዙን አስቀድማችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት። እስከ ጉልበት ከገባችሁ ሻንጣውን አውልቁ፤ ወደ ኋላ ተቀመጡ ወይም ተጋደሙ። ክብደታችሁ ሲዘረጋ መስመጡ ይቆማል። ከዚያ አንድ በአንድ እግራችሁን እያወዛወዛችሁ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ።

4. ጅረቱ ጋ ስትደርሱ፦ መጀመሪያ ቁሙ

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ዳሩ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚነካው ውሃ መሐሉ ላይ ታፋ ይደርሳል፤ እዚያ ስትደርሱ ደግሞ መዞር ከመቀጠል ይከብዳል። ስለዚህ ውሳኔው የሚሰጠው ዳር ላይ ነው። ሻንጣ አውርዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተመልከቱ።

ደረጃውን ለኩ። ውሃው በትክክል የሚነካው ጠርዝ ላይ አንድ ትንሽ ድንጋይ አስቀምጡ። እየዞራችሁ መሻገሪያ ስትፈልጉ ቆይታችሁ ተመለሱና እዩት። ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ከገባ ጅረቱ እየሞላ ነው፤ አትግቡ። ደረቅ ላይ ከቀረ እየቀነሰ ነው፤ መጠበቅ ይጠቅማችኋል።

ፍጥነቱን ለኩ። እንጨት ወርውሩበትና ዳር ዳሩን አብራችሁ ሂዱ። በተለመደ እርምጃችሁ ካልደረሳችሁበት ውሃው ለእናንተ ፈጣን ነው። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት በቀላሉ የተሻገራችሁት ጅረት ዛሬ ሌላ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጥልቀቱን ለኩ። ከጉልበት በላይ ሆኖ በፍጥነት የሚሄድ ከሆነ አትሻገሩ።

የሚከተሉትን ካያችሁ ወይም ከሰማችሁ ደግሞ ጥልቀቱንም መለካት አያስፈልግም፤ ተመለሱ፦

– ውሃው ደፍርሶ ቅጠልና ግንድ ይዞ ይመጣል።
– ከሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚሰማ ድብ ድብ የሚል ድምፅ አለ።
– ከወደ ላይ እያደገ የሚመጣ ጉምጉምታ ትሰማላችሁ። ደራሽ ጎርፍ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ። እናንተ ያላችሁበት ባይዘንብም ላዩ ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል።
– እየዘነበ ጅረቱ በድንገት ከቀነሰ ላይ ላይ አንድ ነገር ዘግቶታል ማለት ነው። ይህም ወደ ከፍታ የሚያስወጣ ምልክት ነው።

ቦታ ምረጡ

መንገዱ ወንዙን የሚነካበት ቦታ የግድ መልካው አይደለም። ላይና ታች ሂዱ። ጠባብ ቦታ ያጓጓል፤ ግን ጥልቅና ፈጣን የሚሆነው እሱ ነው። ሰፋ ያለ ወይም በበርካታ ቅርንጫፍ የተከፈለ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ጥልቀት የለውም። ወንዙ የሚታጠፍበት የውጭው ዳር ስለሚሸረሸር ጥልቅ ነው፤ ቀጥ ያለውን ክፍል ምረጡ። ከዚያ ወደ ታች እዩ። ብትወድቁ ውሃው የት ይወስዳችኋል? ፏፏቴ፣ ትልልቅ ድንጋይ ወይም ውሃ ውስጥ የተጋደመ ዛፍ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። በመጨረሻም ማዶውን እዩ፤ መውጫ የሌለው ገደል ከሆነ መግባቱ ትርጉም የለውም።

የወደቀ ግንድ እንደ ድልድይ ሲያጓጓችሁ ረጋ በሉ። የረጠበ ቅርፊት ያዳልጣል፤ ከታቹ ያለው ውሃ ዝቅተኛ ከሆነ ውሃው ውስጥ መሄዱ ይመረጣል።

5. መሻገር

1. ካልሲ አውልቃችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱ። ጫማውን ግን መልሳችሁ አድርጉ። ባዶ እግር ጠጠር ላይ ሚዛን አይጠብቅም፤ በብርድም ቶሎ ይደነዝዛል።
2. የሻንጣውን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ። ብትወድቁ በአንድ እንቅስቃሴ መውጣት አለበት። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ እባካችሁ አትዝለሉት።
3. የምርኩዙን የእጅ ማሰሪያ ከአንጓችሁ አውጡ።
4. ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ። ምርኩዙን ከፊታችሁ ትከሉና ተደገፉት።
5. በጎን ተራመዱ። ከምርኩዙና ከሁለቱ እግራችሁ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ይሁን።
6. እግራችሁን ብዙ አታንሱ፤ ወለሉን እየዳሰሳችሁ አንፏቁት። እግር አታመሳቅሉ።
7. ትንሽ ወደ ታች አግድም ሂዱ። ከውሃው ጋር ፊት ለፊት መታገል ያደክማል።
8. ዓይናችሁን ማዶው ላይ ጣሉ። የሚሮጠውን ውሃ አትኩሮ ማየት ያዞራል።

ብዙ ከሆናችሁ ሰልፋችሁን ከውሃው አካሄድ ጋር ትይዩ አድርጉ። ጠንካራው ሰው ውሃው በሚመጣበት ጫፍ ይቁም፤ የውሃውን ኃይል እሱ ይሰብራል። ክንድ ለክንድ ተያያዙ ወይም የጎረቤታችሁን የሻንጣ ማንገቻ ያዙና እኩል ወደ ማዶ ተራመዱ። አንዱ ሲያዳልጠው ሌሎቹ ቆመው ያነሱታል።

ገመድ ሰውነታችሁ ላይ አትሰሩ። የወደቀ ሰው በገመድ ሲያዝ ውሃው ወደ ታች ደፍቆ ይይዘዋል።

መሐል ላይ ሃሳባችሁን ከቀየራችሁ በአንድ ጊዜ አትዙሩ። ምርኩዙን ትከሉ፣ በመጣችሁበት ጎን በዚያው አረማመድ ተመለሱ።

6. ውሃው ከወሰዳችሁ

ሻንጣውን ጣሉ። በጀርባችሁ ተኙ፤ እግራችሁ ወደ ታች ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፤ የእግር ጣቶቻችሁ ከውሃው በላይ ይታዩ። እግራችሁ የድንጋይ ግጭት ይመክትላችኋል። በእጃችሁ እየቀዘፋችሁ ወደ ዳር አቅኑ።

ውሃው እየሮጠ ሳለ ለመቆም አትሞክሩ። እግር በሁለት ድንጋይ መካከል ከተያዘ ውሃው በፊታችሁ ይደፋችኋል። እጃችሁ ወለሉን ሲነካ ያኔ ተነሱ።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ከፊታችሁ ቅርንጫፉ ውሃ ውስጥ የገባ ዛፍ ካለና ማምለጥ ካልቻላችሁ በደረታችሁ ዙሩ፤ በጭንቅላት በኩል ወደ እሱ ዋኙና ግንዱ ላይ ውጡ። በእግር ከመጣችሁ ውሃው ከሥሩ ይወትፋችኋል።

ዳር ያለው ሰው ተከትሎ አይግባ። ዱላ ይዘርጋ ወይም ገመድ ይወርውር።

7. መሻገር ካልተቻለ

ጠብቁ። ትንሽ የተራራ ጅረት ቶሎ እንደሚሞላ ሁሉ ዝናቡ ካቆመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቶሎ ይጎድላል። ማታ ጥሎ ካባራ ጠዋት ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። በሁለት ጅረት መካከል ከታሰራችሁ ከዳሩ ርቃችሁ ከፍ ያለ ቦታ ያዙ፤ ስንጥቅ ካለው ወይም ዛፎቹ ካዘነበሉበት ተዳፋት ሥር ግን አትቀመጡ፣ ሊናድ ይችላል። ደረቁን ልብስ ልበሱ፣ ሻንጣችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ላስቲኩን ተከናነቡ። በፊሽካ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ንፉ፤ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ፤ ድገሙት። በተራራ ላይ የታወቀ የእርዳታ ጥሪ ነው። መልሱ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ነው።

ድፍርስ ውሃ ለመጠጣት ከተገደዳችሁ አስቀምጡና ይጥለል፤ በጨርቅ አጥልሉት፤ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ደግሞ 3 ደቂቃ አንተክትኩት።

8. ብርድን ቀድሞ ማወቅ

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰውየው ራሱ አይታወቀውም። ስለዚህ እርስ በርስ ተያዩ። የሚንቀጠቀጥ፣ ዚፕ መዝጋት ያቃተው፣ አንደበቱ የተሳሰረ፣ ያለ ምክንያት የሚነጫነጭ ወይም የሚደናቀፍ ሰው ካለ ጉዞው እዚያው ይቁም። «ደህና ነኝ» ቢልም አትስሙት።

ከነፋስ ከልሉት። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቁን አልብሱት፤ ጭንቅላቱንም ሸፍኑ። ከሥሩ ሻንጣ ወይም ቅጠል አንጥፉ፤ ከመሬቱ የሚመጣው ብርድ ከአየሩ ይብሳል። በደንብ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭና ትኩስ ነገር ስጡት። እጅና እግሩን አትሹ። አልኮል አትስጡ። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ ተሽሎት አይደለም፤ ብሶበታል። ቀስ ብላችሁ ያዙትና እርዳታ ጥሩ።

9. እግር

ጠዋት ተረከዝና ጣቶቻችሁን ቫዝሊን ቀቡ። የሆነ ቦታ ማቃጠል ሲጀምር ሳትሸማቀቁ ጓደኞቻችሁን አስቁሙ፤ አድርቁና ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ፕላስተር ብዙም አያግዝም። በእያንዳንዱ ረጅም እረፍት ጫማ አውልቁ፣ ካልሲ ጭመቁ፣ እግራችሁን አናፍሱ። ማታ የግድ በደረቅ ካልሲ ተኙ። ቆዳው ነጭና የተጨማደደ ሆኖ ከደነዘዘ በማግስቱ ረጅም መንገድ አትጀምሩ።

አልቅት ከተጣበቀ በእሳት ወይም በጨው አታስለቅቁት፤ ሲለቅ የሆዱን ቁስሉ ላይ ሊተፋ ይችላል። ጥፍራችሁን በቀጭኑ ጫፍ በኩል አስገብታችሁ ወደ ጎን ግፉት። ትንሽ ይደማል፤ እጠቡና ሸፍኑት።

10. ቤት ስትገቡ

ጭቃውን ሳይደርቅ እጠቡ፤ የሶሉን ጥርስ በብሩሽ አጽዱ። የውስጡን ንጣፍ አውጡ፣ ጫማው ውስጥ የተጨማደደ ጋዜጣ ክተቱ፣ ሲርስ ቀይሩት። እሳት ዳር ወይም ማሞቂያ ላይ አታስቀምጡ፤ ማጣበቂያው ይለቅና ሶሉ በሚቀጥለው ጉዞ መሐል መንገድ ላይ ይገነጠላል። ሻንጣውን ገልብጣችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉ። ከዚያ ለዚያ ሰዓታችሁን ለነገራችሁት ሰው ደውሉና መግባታችሁን አሳውቁት።